ኮሮኮንች ውኃና የታች ገመድ

ስለ ዊንድሰርፊንግ ሲወራ የሚታየን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ፎቶ አንዱ ነው። በአንደኛው ሰው በረጋ ሰማያዊ ውኃ ላይ ይንሸራተታል፤ በሁለተኛው በሃዋይ ጀግናው ከቤት የሚበልጥ ማዕበል ላይ ይዘላል። አብዛኛው የዊንድሰርፊንግ ሰው ግን ዕድሜውን የሚፈጀው በሁለቱም ላይ አይደለም፤ በኮሮኮንች ውኃ ላይ ነው። ኮሮኮንች የምለው ከጉልበት ብዙም የማይበልጠውን፣ አጭርና ቀጥ ያለውን፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቀውን ሞገድ ነው። ሰሌዳውን ከሥር ይደበድባል፣ ቁርጭምጭሚት ያንቀጠቅጣል፣ ልምድ ያለውንም ሰው ያስመርራል። ስለዚህ ይጠላል። እኔ ግን ሲበዛ እወደዋለሁ፤ በረጋ ውኃ ላይ የሚደበቀውን የአገጣጠም ጉድለት ሁሉ አንድ በአንድ እያወጣ የሚያሳይ መምህር እሱ ብቻ ነውና።

መሣሪያውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ሰሌዳ አለ፤ ከሥሩ እንደ ዓሣ ክንፍ ያለ ፊን፣ በላዩ ወደ ሁሉም አቅጣጫ በሚተጣጠፍ መጋጠሚያ ላይ የቆመ ምሰሶ፣ በምሰሶው ላይ ሸራ፣ ለእጅ መያዣ ደግሞ ቡም። ካሊፎርኒያውያኑ ሆይል ሽዋይዘርና ጂም ድሬክ እ.ኤ.አ. በ1968 የባለቤትነት መብት ጠየቁበት፤ ከእነሱ ቀደም ብሎ ኒውማን ዳርቢ የተባለ አሜሪካዊ ሸራ ያለው ሰሌዳ ሠርቶ ነበር። በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ላይ የውድድር ዓይነት ሆነ።

ኮሮኮንች ውኃን ለመማር ከገሊላ ባሕር፣ እስራኤላውያን ኪነሬት ከሚሉት ሐይቅ፣ የሚሻል ቦታ አላውቅም። ወንጌል ያነበበ ሰው ሁሉ ነፋሱን ያውቀዋል፤ ደቀ መዛሙርቱን በታንኳ ሳሉ ያስጨነቀው ማዕበል የተነሣው እዚሁ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች 210 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ርዝመቱ 21፣ ስፋቱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሞቃቱ ወራት ጠዋት ጠዋት ውኃው ይተኛል። የሜዲትራንያን ነፋስ ግን ከረፋድ ጀምሮ ወደ ምድር እየገባ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከምዕራቡ ኮረብታ አናት ይደርስና ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል። በምዕራቡ ዳር፣ በጥብርያዶስ በኩል፣ ውኃው ነፋሱን ገና መቀበሉ ስለሆነ ሞገዱ ትንሽ ነው። በምሥራቁ ዳር፣ በዔን ጌቭ አካባቢ፣ ግን ሐይቁን ሙሉ ሲገፋ የመጣ ሞገድ ተደራርቦ ይደርሳል። ሐይቁ ሞገዱን ለማርዘም አይበቃም፤ ለማነሣሣት ግን ይበቃል። ስለዚህ በአንዱ ሞገድ ጫፍና በሚቀጥለው መካከል ሰሌዳ የሚያርፍበት ቦታ የለም።

«ታዲያ ለምን ከምዕራቡ ዳር አንገባም?» የሚል አይጠፋም። ከዚያ የሚነሣው ነፋስ ሰውን ከየብስ ያርቃል። መጋጠሚያው ቢሰበር ወይም ጉልበት ቢከዳ፣ ነፋሱ የሚወስደው ወደ ሐይቁ መሀል ነው። በምሥራቁ ዳር ግን ያው ነፋስ ወደ የብስ ይመልሳል። ውኃው ያማረ ነው ብሎ ከየብስ በሚነፍስ ነፋስ ብቻውን የሚገባ ጀማሪ ሳይ እቆጣለሁ፤ ወደፊትም እቆጣለሁ። ደኅናው ቦታ ኮሮኮንቹ ያለበት ስለሆነ ኮሮኮንቹን መልመድ ግድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በኮሮኮንች ውኃ ላይ የተሠቃየ ሰው ከውኃ ሲወጣ የሚከስሰው ወይ ሰሌዳውን ነው፣ ወይ ጉልበቱን። ሰሌዳ የሚቀይር አለ፣ ስፖርት ቤት የሚመዘገብ አለ። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እግሩ ውኃ ሳይነካ፣ ሣሩ ላይ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ የታች ገመዱ በደንብ አልተሳበም።

የታች ገመድ የምለው ሸራውን በምሰሶው ርዝመት ቁልቁል የሚወጥረውን፣ ከምሰሶው ሥር ባሉት ትንንሽ መዘውሮች ዙሪያ የሚመላለሰውን ቀጭን ገመድ ነው። ሰው ሁሉ ሸራው እስኪስተካከል ድረስ ይስበዋል፤ ጨርቁ ሲለሰልስ፣ መጨማደዱ ሲጠፋ፣ «በቃ አማረ» ብሎ ያስረዋል። ስህተቱ ይህ ነው። ሣር ላይ ያማረ ሸራ ለንፋሳም ቀን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ያለ ሸራ ነው።

ምክንያቱ ከሸራው አቆራረጥ ይጀምራል። የሸራው የፊት ጠርዝ ሲሰፋ ቀጥ ብሎ አይቆረጥም፤ ወደ ውጭ ጎበጥ ይላል። ምሰሶው ደግሞ ቀጥ ያለ ነው። ጎባጣው ጨርቅ ቀጥ ያለ ምሰሶ ሲለብስ ትርፉ ጨርቅ ወደ ሆድ ይሄዳል፤ ሸራው ይነፋል። ገመዱ በኃይል ሲሳብ ግን ምሰሶው ይለመጣል፣ የጨርቁን ጉብጠት ይሞላል፣ ሆዱ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ከቡሙ በላይ ያለው የኋላ ጠርዝ ውጥረቱን ያጣና ይላላል። ሸራውን አግድም ከሚደግፉት ዘንጎች ከላይ ባሉት መካከል ጨርቁ ተጨማዶ ይንጠለጠላል። ለዓይን ያስጠላል፤ የተፈለገው ግን እሱ ነው።

ነፋስ ድንገት ሲበረታ ይህ የላላ ጠርዝ ተጠምዝዞ ይከፈታል፤ ትርፉን ኃይል ከላይ ያፈሳል። የኃይሉ መሀል ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳይሸሽ ቡሙ አካባቢ ይቀራል፤ እጅም አይነጠቅም። በኮሮኮንች ውኃ ላይ ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ነው። ምሰሶው ብዙውን ጊዜ 4 ሜትር ያህል ስለሚረዝም ሰሌዳው ሥር የሆነች ትንሽ መንገጫገጭ አናቱ ላይ ስትደርስ ትልቅ ውዝዋዜ ናት። ሰሌዳው ሞገድ በመታ ቁጥር አናቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወረወራል፤ የሚያርፍበት ነፋስም በዚያው ልክ ይለዋወጣል። የላላ ጠርዝ ይህን ሁሉ ራሱ ውጦ ያስቀረዋል። የተወጠረ ጠርዝ ግን እያንዳንዷን ውዝዋዜ ወደ ቡሙ፣ ከቡሙ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ወገብ ያስተላልፋታል። ሰውየው ሞገዱ ደበደበኝ ብሎ ያስባል፤ የደበደበው ሸራው ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ በምሥራቁ ዳር፣ ወላጆቹ ከጎንደር የመጡ፣ አፉላ ከተማ ያደገ ወጣት 5.7 ካሬ ሜትር ሸራ ሲገጣጥም አገኘሁት። ገብቶ ወጥቷል፤ መዳፉ ተልጧል። ሸራው አንድ መጨማደድ የለበትም። ገመዱን ልሳብልህ አልኩትና እግሬን ከምሰሶው ሥር ደግፌ፣ ገመዱን ወገቤ ላይ በታጠቅሁት ቀበቶ፣ በሃርነሱ፣ መንጠቆ ይዤ በመላ ሰውነቴ ሳብኩት። የሸራው ታች ሦስት ጣት ያህል ወረደ። አናቱ ላይ ጨርቁ ሲንጠለጠል ልጁ ደነገጠ።

«ጋሼ፣ አበላሹት እኮ! ይኼ ነፋስ ይይዛል?»

«ግባና እየው።»

«እምቢ ካለኝስ?»

«እምቢ ካለህ እኔው እፈታልሃለሁ።»

ተመልሶ ሲመጣ ፍቱልኝ አላለም። ዝም ብሎ ቡሙ ላይ ያሉትን፣ መንጠቆው የሚያዝባቸውን የሃርነስ ገመዶች ትንሽ ወደ ፊት ገፋቸው። ማንም ያልነገረውን እጁ ነግሮታል፤ የታች ገመዱ ሲሳብ የኃይሉ መሀል ወደ ፊት ስለሚመጣ መንጠልጠያውም ወደ ፊት መከተል አለበት።

ምን ያህል ይሳብ ለሚል፣ ሸራው ራሱ ይናገራል። ከታችኛው ጥግ ወይም ከከረጢቱ ላይ የምሰሶውና የቡሙ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ተጽፏል፤ ብዙ ሸራዎች ደግሞ መላላቱ እስከየት እንደሚደርስ አናታቸው ላይ ምልክት አላቸው። ምልክቱን አንብቡ፤ በነፋሳም ቀን ከእሱ አትጉደሉ። በባዶ እጅ ስባችሁ ደክሟችሁ ከሆነ ገና አልሳባችሁም፤ የመጨረሻዋ ሴንቲ ሜትር ናት ከባዷም ጠቃሚዋም። የታች ገመዱ ከበቃው በኋላ ብቻ ወደ ቡሙ ጫፍ ሂዱ። ቡሙ ላይ ያለውን የኋላ ገመድ አለመጠን እየጎተቱ የታችኛውን ጉድለት ለመሸፈን የሚሞክሩ አሉ፤ ሸራውን ጣውላ ከማድረግ ሌላ አይፈይድም። የአንዱ ፋብሪካ ሸራም ከሌላው ፋብሪካ ምሰሶ ጋር ሁልጊዜ አይስማማም፤ አለማመጣቸው ይለያያል። በርካሽ ያገኙትን ምሰሶ አስገብተው ሸራውን የሚያሙ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ብዙ ሐሜት ይቀር ነበር።

ሌላው ሌላው አጭር ነው። ነፋሱ ሲበረታ ፊኑን በአንድ ደረጃ አሳንሱ፤ ትልቅ ፊን በፍጥነት ላይ ሰሌዳውን ከሥር ያነሣዋል። የምሰሶውን ሥር ትንሽ ወደ ፊት መግፋት አፍንጫውን ዝቅ ያደርጋል፣ መዝለሉን ያበርዳል። ቡሙንም ከለመዳችሁት ጥቂት ዝቅ አድርጉት። የእግር ማሰሪያዎቹን ግን በልክ አስተካክሉ፤ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያሾልክ ማሰሪያ በወደቁ ጊዜ እግሩን ይዞ ያስቀራል። ይህ ለቁርጭምጭሚት አደጋ ነው፤ «ኋላ አስተካክለዋለሁ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ስለ አነዳዱ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ከፍርሃት ጋር ይጣላል። ሰሌዳው መዝለል ሲጀምር ሰው ሁሉ ይገተራል፤ ጉልበቱን ቀጥ ያደርጋል፣ በኋላ እጁ ሸራውን ይከፍታል። ሸራው ሲከፈት በሃርነሱ በኩል ወደ ምሰሶው ሥር ይወርድ የነበረው ክብደት ይጠፋል፤ አፍንጫው ይነሣል፣ ነፋስ ከሰሌዳው ሥር ይገባል፣ መዝለሉ ይብሳል። መድኃኒቱ ተቃራኒው ነው። ሸራውን ሰብስቡ፣ ክብደታችሁን ሃርነሱ ላይ ጣሉ፣ ጉልበታችሁን አላሉ። ሰሌዳው ከእግራችሁ ሥር ይንገጫገጭ፣ ወገባችሁ ግን በአንድ ከፍታ ይሂድ። ዓይናችሁም ከሰሌዳው አፍንጫ ላይ ይነሣና ወደፊት፣ በሞገዶቹ መካከል ያለውን ዝቅታ ይፈልግ።

ጋል ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ ለእስራኤል የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣው በዚሁ ስፖርት ነው። በ2024 ማርሴይ ላይ ቶም ረውቬኒ ወርቅ፣ ሻሮን ካንቶር ብር ሲወስዱ ግን ሰሌዳው ተለውጦ ነበር፤ በፊን ፋንታ ከሥሩ ክንፍ ያለው ረጅም እግር ስላለው ፍጥነት ሲያገኝ ከውኃው በላይ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ከዚህ በኋላ የኮሮኮንች ጉዳይ አበቃ የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሰሌዳው የሚነሣውም የሚያርፈውም በዚያው ውኃ ላይ ነው፤ የላላው አናትም እዚያም ሥራ አልፈታም።

ኪነሬት ላይ ነፋሱ ወደ ማታ ይደክማል፤ አንዳንዴም በድንገት ይጥላል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ዳር ተጠጉ። መሀል ላይ ከቀራችሁ ከሰሌዳው አትለዩ፤ ሸራውን ከሰሌዳው ኋላ አጋድሙት፣ ደረታችሁን አስተኝታችሁ በእጃችሁ ቅዘፉ። የብስ ስትደርሱ መጀመሪያ የኋላ ገመዱን፣ ቀጥሎ የታች ገመዱን ፍቱ፤ ተወጥሮ ያደረ ሸራ ቅርጹን ያጣል። የታች ገመዱም መዘውሩ ጋ ተልጦ ከሆነ ለነገ አታሳድሩት፣ እዚያው ቀይሩት።