የደመናው ቁልፍ በማን እጅ ይሁን? ስለ ግል ደመና ማስተዳደሪያ አመራረጥ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለው ተቋም ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» በአዲስ አበባ ሰው አንደበት ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ሠፈሩም ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ የሆቴሎች፣ የአስመጪና የላኪ ጽሕፈት ቤቶች መገኛ ሆኖ ኖረ። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ብዙ ነዋሪና ብዙ ንግድ ቤት ከሥፍራው ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ዕቃ በመኪና ይጫናል፤ መደርደሪያም ይፈታል። ነገር ግን የዕቃው ዝርዝር፣ የደንበኛው ዕዳና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ቅጂ ከባንኮኒ ሥር በተቀመጠች በአንዲት ኮምፒዩተር ብቻ የተያዘ ከሆነ፣ ያች ኮምፒዩተር በመንገድ ላይ ብትወድቅ የንግዱ ግማሽ አብሯት ወደቀ ማለት ነው። የአስመጪና የላኪ ፈቃድ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት መስተናገድ ከጀመረ ወዲህማ መዝገብ የጠፋበት ነጋዴ ዕቃውን ከወደብ ለማንሣት እንኳ ይቸገራል።

ከዚህ የተነሣ መካከለኛ የንግድ ድርጅቶች ሳይቀሩ የግል ደመና ስለሚባለው ነገር መጠየቅ ጀምረዋል። ነገሩ ስሙ እንደሚያስፈራው አይደለም። አንድ ብርቱ ሰርቨር እንደ ትልቅ መጋዘን ነው። መጋዘን በግድግዳ ተከፍሎ ለብዙ ነጋዴዎች እንደሚከራይ ሁሉ፣ ሰርቨሩም በፕሮግራም ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል ራሱን እንደ ቻለ ኮምፒዩተር ይሠራል፤ ይኸው ክፍል ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። አንዱ ለሒሳብ፣ አንዱ ለመጋዘን ቆጠራ፣ አንዱ ለደብዳቤ ይውላል። ብልሃቱ ያረጀ ነው፤ አይ.ቢ.ኤም. በ1972 እ.ኤ.አ. በትልልቅ ማሽኖቹ ላይ ለገበያ አውጥቶት ነበር። ድርጅቱ የራሱን ሁለት ሦስት ሰርቨሮች አቀናጅቶ እንዲህ ሲከፋፍላቸው የግል ደመና አለው ይባላል።

ጭንቁ የሚመጣው ክፍሉን ማን ይክፈት፣ ማንስ ይዝጋ በሚለው ላይ ነው። በብዙ ቤት ሥራው የአንድ ባለሙያ ነው። የሽያጭ ክፍሉ ለአዲስ ቅርንጫፍ ማሽን ይፈልጋል፤ ባለሙያው ፈቃድ ላይ ስለ ሆነ ሳምንት ይጠብቃል። ወይም ባለሙያው ለጠየቀው ሁሉ ይከፍታል፤ የሚዘጋ ግን የለም፤ በዓመቱ ባለቤታቸው የማይታወቅ ማሽኖች ሰርቨሩን ይሞሉታል። ራስን በራስ ማስተናገጃ መሣሪያ የተሠራው ለዚህ ነው። የመንግሥት ግምጃ ቤትን ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም፦ ሞዴል 20 ተሞልቶ ይጠየቃል፣ ኀላፊው ይፈርማል፣ ዕቃው በሞዴል 22 ይወጣል። መሣሪያውም ይህንኑ በኮምፒዩተር ያደርገዋል። ጠያቂው አስቀድሞ ከተዘጋጀ አብነት መርጦ ይጠይቃል፤ ለክፍሉ ከተመደበለት ልክ አያልፍም፤ ማሽኑ የሚዘጋበት ቀን ይቆረጥለታል፤ ማን መቼ ምን እንደ ወሰደ ይመዘገባል።

በዚህ ገበያ ረጅም ጊዜ የገነነው ቪኤምዌር ነበር። ብሮድኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ገዝቶ እንደ ጠቀለለው፣ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ፈቃድ መሸጥ አቆመ። ፈቃዱ አሁን በየጊዜው የሚከፈልበት ኪራይ ነው፤ ዋጋውም የሚታሰበው በፕሮሰሰሩ ኮር ብዛት ሲሆን፣ ለአንድ ፕሮሰሰር ቢያንስ 16 ኮር ይቆጠራል። ስምንት ኮር ብቻ ያለው ትንሽ ሰርቨር የገዛ ነጋዴ የ16 ይከፍላል ማለት ነው። ይህ ሁሉ በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መውጣቱን የሚያስታውስ አስመጪ፣ በየዓመቱ በዶላር የሚታደስ ፈቃድ ምን ማለት እንደ ሆነ አስረጂ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ዐይን ወደ ነጻ ፕሮግራሞቹ ዞሯል። ከቪዬና የመጣው ፕሮክስሞክስ ለመትከል የቀለለ ነው፤ ድጋፍ ለሚፈልግ ብቻ ክፍያ አለው። ባለሙያው አንድ፣ ተጠቃሚዎቹም ጥቂት ለሆኑበት ቤት ይበቃል፤ ለየክፍሉ ልክ መድቦ የሚያከፋፍል በር ሆኖ ግን አልተሠራም። ኦፕንስታክ በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የጠፈር መሥሪያ ቤት ናሳና በራክስፔስ ትብብር የተጀመረ ሰፊ ሥራ ነው፤ የቴሌኮም ድርጅቶችን የሚያክሉ ይጠቀሙበታል። ለአንድ አስመጪ ቤት ግን ለአንድ ኩንታል ቡና ተሳቢ መኪና እንደ መከራየት ይሆናል፤ ቀጥ አድርጎ ለማቆም ብቻ ብዙ የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል። በእነዚህ መካከል ያሉት ክላውድስታክና ከማድሪድ የመጣው ኦፕንኔቡላ ናቸው። ሁለቱም መጠየቂያ በር፣ የክፍል ልክና የፍጆታ ሒሳብ አላቸው። አምስትና ስድስት ቅርንጫፍ ላለው ቤት ከሁሉ የሚስማሙት እነርሱ ይመስላሉ። ነጻ ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም፤ ለፈቃድ ያልተከፈለው ለባለሙያ ደመወዝ ይከፈላል፤ በማሽኑ ውስጥ የሚጫነው ዊንዶውስም የራሱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ሻጭ በሚያሳየው ሥዕል ከመማረክ የአንድ ወር ሙከራ ይሻላል። በሙከራው ጊዜ ባለሙያው ሳይሆን የሒሳብ ጸሐፊው ማሽን ይጠይቅ፤ ቅጹ ካስቸገረው መሣሪያው ስሙን አያሟላም። አንዱ ሰርቨር ሆን ተብሎ ከኤሌክትሪክ ይነቀል፤ መብራት በማንኛውም ሰዓት ሊጠፋ ይችላልና በእርሱ ላይ የነበሩት ማሽኖች በሌላው ላይ በስንት ደቂቃ እንደ ተነሡ በሰዓት ይለካ። ኢንተርኔቱም ለአንድ ቀን ይዘጋ፤ ፈቃዱን ከውጭ አገር እየጠየቀ የሚያረጋግጥ መሣሪያ ካለ ያኔ ይታወቃል። በመጨረሻም አንድ ማሽን ከመሣሪያው ወጥቶ በሌላ ዐይነት መሣሪያ ላይ ይነሣ። መግቢያው ሰፊ ሆኖ መውጫው የጠበበ ውል የነጋዴ ውል አይደለም። ቅጽበታዊ ቅጂ መያዙም የመጠባበቂያ ቅጂ ተደርጎ አይታሰብ፤ ሰርቨሩ ሲቃጠል አብሮ ይቃጠላል። እውነተኛው ቅጂ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ፤ ቦታ የሌለው በአይሲቲ ፓርክ ከተተከሉት የመረጃ ማዕከሎች መከራየት ይችላል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የደንበኛን ስም፣ ስልክና ሒሳብ የያዘ ሁሉ በኀላፊነት ይጠየቃል። ስለዚህ መሣሪያው ማን የትኛውን ማሽን እንደ ከፈተ የሚይዘውን መዝገብ ባለሙያው ራሱ ሊፍቀው የማይችል መሆኑ ይረጋገጥ። የዋናው አስተዳዳሪ የይለፍ ቃልም በባለሙያው ራስ ውስጥ ብቻ እንዳይቀር፣ በፖስታ ታሽጎ በሥራ አስኪያጁ ካዝና ይቀመጥ፤ ባለሙያው ሥራ በለቀቀ ቀን ፖስታው ይከፈት፤ ቃሉም ወዲያው ይለወጥ።