ጭሷ ከመሬት የሚወጣ ከተማ

ኒቆዲሞስ ሲባል ለእኛ ቶሎ የሚታወሰን የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ፣ በሌሊት ሊማር ወደ ጌታችን የሄደው የአይሁድ አለቃ ነው። በሰሜን ምዕራብ ካንሳስ ግን ኒቆዲሞስ የከተማ ስም ነው። ከተማ ማለቱ ራሱ ይከብዳል፤ በሰፊው የአሜሪካ የሣር ሜዳ መካከል ያረፈች፣ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚኖሩባት መንደር ናት። ስሟ ከአፍሪካ በባርነት ተወስዶ ኋላ ነፃነቱን በገንዘቡ ከገዛ ሰው የመጣ ነው ይባላል። ከመጽሐፍ ቅዱሱ ነው የሚሉም አሉ።

በ1877 (እ.ኤ.አ.) የኬንታኪ ግዛት ጥቁሮች ከባርነት ከወጡ ገና አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ነፃ ወጡ እንጂ መሬት አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹ ያን ጊዜም የሚያርሱት የትናንት ጌቶቻቸውን ማሳ ነበር። ምዕራብ ላይ ግን በ1862 በወጣው ሕግ መሠረት አምስት ዓመት ተቀምጦ ላረሰ ሰው መንግሥት 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ ይሰጥ ነበር። በ1877 ሚያዝያ ላይ ደብልዩ ኤች ስሚዝ የተባለ ጥቁር ሰባኪና ደብልዩ አር ሂል የተባለ ነጭ የመሬት ነጋዴ ከሌሎች ጋር ሆነው በካንሳስ ከተማ የሚቆረቁር ኩባንያ አቋቋሙ። ማስታወቂያቸው በኬንታኪ አብያተ ክርስቲያናት ዞረ። መስከረም ላይ ከ300 በላይ ሰዎች በባቡር ኤሊስ የምትባል ጣቢያ ድረስ መጡ። ከዚያ ወዲያ ሐዲድ የለም። ቀሪውን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ልጅ አዝለው፣ ዕቃ ተሸክመው በእግራቸው ሄዱ።

በማግስቱ ዓመት ከመጡት መካከል ዊሊያና ሂክማን የተባለች የሰባኪ ሚስት ነበረች። ባለቤቷ በጣቱ እያሳየ «ያቻት ኒቆዲሞስ» ሲላት ዓይኗ ቤት ፈለገ፤ ያየችው ግን ከመሬት የሚወጣ ጭስ ነበር። ሰው የሚኖረው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ማልቀሷን ካረጀች በኋላ ተናግራለች።

ቤቱ እንዲህ ነበር የሚሠራው፦ የኮረብታውን ጎን ወይም የወንዙን ዳር በአካፋ ፈልፍለው ይገቡበታል። ፊቱን ከነሥሩ እየተቆረጠ በተነሣ የሣር አፈር እንደ ጡብ እየደራረቡ ይዘጉታል። ጣሪያው በወንዝ ዳር ከሚገኝ ቀጭን እንጨት ይሆንና ቅጠል፣ ሣርና አፈር ይለብሳል። በብርዱ ወራት ያሞቃል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ጭቃው አልጋ ላይ ይወርዳል። ዛፍ እንደ ልብ የሌለበት አገር ስለሆነ የሚነደው ኩበትና የዱር ሱፍ አገዳ ነው። የገጠር ልጅ የሆነ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ ሽታው አፍንጫው ላይ ይመጣለታል ብዬ አምናለሁ።

በ1877 የመጡት ያሳለፉት የመጀመሪያ የብርድ ወቅት ጨካኝ ነበር። የመጡት ለዘር ዘግይተው ነው፤ ፈረሱ በጣት የሚቆጠር፣ ማረሻም የለም። የሜዳው ሣር ሥሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ለዶማ አይበገርም። ወደ ስልሳ የሚጠጉ ቤተሰቦች ተስፋ ቆርጠው ተመለሱ። የቀሩትን ያተረፋቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው እንደሚተርኩት፣ ከአደን የሚመለሱ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑ የኦሴጅ ሰዎች ያካፈሏቸው ሥጋ ነው። መሬቱን የተነጠቀ ሕዝብ መሬት ፍለጋ የመጣን ሕዝብ መገበ። ከዚህች ከተማ ታሪክ ውስጥ እኔን እንደዚህ የሚነካኝ የለም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀና። ወንዶቹ ለባቡር መሥመር ሥራ እየራቁ ገንዘብ ሲያመጡ፣ ሴቶቹ ማሳውን በመቆፈሪያ አለሙ። በአሥር ዓመት ውስጥ የድንጋይ ቤት፣ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት፣ አብያተ ክርስቲያናትና ሁለት ጋዜጦች ነበሯት። ከነዋሪዎቿ አንዱ ኤድዋርድ ማኬብ በ1882 የካንሳስ ዋና ኦዲተር ሆኖ በሕዝብ ድምፅ ተመረጠ፤ በዚያ ግዛት ለእንዲህ ያለ ሥልጣን የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር ነው።

የጎዳት ባቡር ነው። ከተማዋ ሐዲድ እንዲያልፍባት 16,000 ዶላር ለማዋጣት ድምፅ ሰጥታ ነበር፤ የተጠበቀው ባቡር ግን አልመጣም። በ1888 ሌላ ኩባንያ መሥመሩን በአቅራቢያዋ ካለው የሰለሞን ወንዝ ማዶ ዘረጋና ቦግ የምትባል ከተማ እዚያ በቀለች። ነጋዴው ሱቁን ነቅሎ ተሻገረ። ገበሬው ቀረ። በ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ ማዕበል ከገበሬውም ብዙውን አባረረው፤ በ1953 ፖስታ ቤቱ ተዘጋ።

ለመሬቱ የታመኑት ግን ስንዴያቸውን አልተዉም። በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ላይ ደግሞ የአካባቢው ጥቁር ገበሬዎች አንድ ለእኛ የቅርብ የሆነ ዘር ሞከሩ፤ ጤፍ። ድርቅን ይችላል፤ አሜሪካ ያለው ሐበሻም ለእንጀራው ይፈልገዋል። ለስንዴ የተሠራ መሣሪያ ግን ጤፍን አያውቅም። ጠለቅ ተደርጎ ከተዘራ አይበቅልም፤ በኮምባይነሩ ላይ የቀረች ስንጥቅ ሁሉ ካልተደፈነች ደግሞ እህሉ እየሾለከ መንገድ ላይ ያልቃል።

በ1996 የአሜሪካ ኮንግረስ ቦታዋን ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ አድርጎ አወጀ። አምስት ሕንፃዎች ይጠበቃሉ፦ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት፣ ሆቴሉ፣ ትምህርት ቤቱና በ1939 ተሠርቶ ያለቀው የኖራ ድንጋይ አዳራሽ። ከተማዋን እስከ ዛሬ የያዛት ግን አዋጁ አይመስለኝም። ሰፋሪዎቹ ገና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበሩ የካሪቢያን ደሴቶች ባሮች በ1834 ነፃ የወጡበትን ነሐሴ 1 ቀን ያከብሩ ነበር፤ በዓሉ አልተቋረጠም። አሁን በሐምሌ ወር መጨረሻ ይውላል። ከዴንቨር፣ ከካሊፎርኒያ፣ ከየትም የተበተነው ዘር ይሰበሰባል። እዚያ ተወልዶ የማያውቅ ወጣት ሳይቀር «አገሬ ልሄድ ነው» ብሎ ይነሣል። ሰልፉ ባዶ የከረመውን መንገድ ይሞላዋል፤ ምግቡ ይቀርባል፤ ሽማግሌዎቹም የመጣውን ልጅ ሁሉ የሚጠይቁት እኛ የምንጠይቀውን ነው፦ የማን ልጅ ነህ? መልሱ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ስም ጋ ሲደርስ፣ ያ ልጅ የትኛው ጉድጓድ የቱ ጋ እንደነበረ ይነገረዋል።