የፔንቲየም ፎር ቁጥሮች ምን ይነግሩን ነበር?

«ፔንቲየም ፎር ነው!» ማለት በአንድ ወቅት ክርክር የሚዘጋ ንግግር ነበር። ኮምፒውተር ሊገዛ የመጣ ሰው ከዚህ በኋላ የሚጠይቀው ቢኖር «ስንት ጊጋኸርዝ?» የሚለውን ብቻ ነው። ዛሬ እነዚያ ሳጥኖች በየቢሮው ጥግና በየዕቃ ግምጃ ቤቱ አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። (ብዙዎቻችን ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» እንለዋለን፤ ሲፒዩ ግን ውስጡ ያለው ከብስኩት የማይበልጥ ቁራጭ ነው።) እንደ ቆሻሻ ከመወገዳቸው በፊት ምን እንደነበሩና ምን እንደያዙ ማወቅ አለብን፤ በተለይ እኛ ከጽሑፍ ጋር የምንውል ሰዎች።

ኢንቴል ፔንቲየም ፎርን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2000 ነው። የመጀመሪያዎቹ 1.4 እና 1.5 ጊጋኸርዝ ነበሩ። ጊጋኸርዝ ማለት ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚመታ የሚገልጽ ቁጥር ነው። ነገር ግን በአንድ ምት ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ይሄ ቁጥር አይናገርም። ሙቀጫ ላይ ዘነዘናውን ቶሎ ቶሎ የሚያነሳ ሁሉ ቡናውን ቀድሞ አያደቅም።

ፔንቲየም ፎር አንዱን ትእዛዝ በ20 ደረጃ ከፋፍሎ ነበር የሚያስኬደው። ለእያንዳንዱ ደረጃ የሚደርሰው ሥራ ትንሽ ስለሆነ ምቱን ማፍጠን ይቻላል። ሆኖም ፕሮሰሰር ቀጥሎ የሚመጣውን ትእዛዝ በግምት አስቀድሞ ይጀምራል፤ ግምቱ ከሳተ በመንገድ ላይ ያለው ሁሉ ተጥሎ እንደገና ይጀመራል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ኪሳራውም ይበዛል። በዚህ የተነሳ አዲሱ 1.5 ጊጋኸርዝ በአንዳንድ ፈተናዎች በ1 ጊጋኸርዙ ፔንቲየም ስሪ ተበልጧል። ማስታወቂያው ግን ትልቁን ቁጥር ይዞ ወጣ፤ ገዢውም የገዛው ቁጥሩን ነው።

በ2002 መጀመሪያ የወጣው ትውልድ የተሻለ ነበር። ለፕሮሰሰሩ ቅርብ የሆነው ካሽ ሜሞሪ ከ256 ወደ 512 ኪሎባይት አደገ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የመጣው 3.06 ጊጋኸርዝ ደግሞ ሃይፐር ትሬዲንግ የሚባለውን ይዞ መጣ፤ አንዱ ፕሮሰሰር ለዊንዶውስ ሁለት መስሎ እየታየ ሥራ የሚቀበልበት ዘዴ ነው። ከመስመሩ ሁሉ የተዋጣላቸው እነዚህ ናቸው ባይ ነኝ። በፌብሩዋሪ 2004 የተከተለው ትውልድ ደረጃውን ወደ 31 አስረዘመው፤ 125 ሚሊዮን ትራንዚስተርም ታጨቀበት። ውጤቱ ሙቀት ሆነ። ጠንከር ያሉት ሞዴሎች ከ100 ዋት በላይ ይወስዱ ነበር፤ ያው አምፖል በሉት።

ቃል የተገባለት 4 ጊጋኸርዝ በኦክቶበር 2004 ተሰረዘ። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ክሬግ ባሬት በአንድ ጉባኤ መድረክ ላይ፣ በቀልድ መልክም ቢሆን፣ ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ። መስመሩ 3.8 ላይ ቆመ። በጁላይ 2006 የመጣው ኮር ቱ ዱዎ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ፣ በ65 ዋት፣ 3.8ቱን በለጠው።

ሙቀት ካነሳን የኛን አገርም እናንሳ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ጠራርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ ብርዳችን ይክሰናል! ሃርድ ዲስኩም እንዲሁ ነው። የሚያነበው ጭንቅላት ሳህኑን ሳይነካ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነው። ለዚህም ነው በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ማሽኖች መመሪያ ላይ የሥራ ከፍታ ጣሪያው 3,048 ሜትር ወይም 10,000 ጫማ ተብሎ የሚጻፈው። እኛ ከጣሪያው ብዙም አንርቅም። ጉና ተራራ አናት ላይ ከሆነማ ወሰኑ ታልፏል።

እንግዲህ ዋናው ጉዳይ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ ማሽኖች ላይ በብዛት ይሠራ የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፊደል ይዞ አልመጣም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ቢሆንም «ኒያላ» የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። በመሃል ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ነበሩ የሚያገለግሉት። በጊዜው ብዙ ሰነድ የተጻፈው ከዩኒኮድ ውጪ በሆነ በየራሳቸው አቀማመጥ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አማርኛው ይጠፋና የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል። የዚያ ዘመን ቃለ ጉባኤ፣ ሪፖርት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ዜና ሳይቀር 40 ወይም 80 ጊጋባይት በሆኑ ዲስኮች ላይ እንዲህ ተቀምጧል።

እና ማሽኑ ከመወገዱ በፊት ምን ይደረግ? ከመሰካታችሁ በፊት ከኋላ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ ማብሪያ እዩ። 115 እና 230 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሏት። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን 115 ላይ ሆኖ በኛ 220 ቮልት ቢሰካ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል። አልነሳም ካለ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ጣሳ መሰል ካፓሲተሮች ተመልከቱ፤ አናታቸው ካበጠ ሞተዋል። ይሄ የዘመኑ በሽታ ነበር፤ ዴል ኩባንያ ጂኤክስ 270 እና ጂኤክስ 280 በተባሉት ኦፕቲፕሌክሶቹ ምክንያት በ2005 ለጥገና 300 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። ማዘርቦርዱ ሞተ ማለት ግን ዲስኩ ሞተ ማለት አይደለም። ዲስኩን ፈታችሁ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር አዳፕተር ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ፋይሉን ቅዱ። ስትቀዱ ታዲያ ሰነዶቹን ብቻ እንዳይሆን፤ ዊንዶውስ ከሚለው ፎልደር ውስጥ «ፎንትስ» የሚለውንም አብራችሁ ውሰዱ።