አንደኛ ወጣሁ

በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር «አይ ዌንት አውት ፈርስት» ይላል። ከሥሩ በቀይ ተሰምሮበታል፤ ማረሚያ ግን የለውም። ደብተሩን ይዛ የመጣችው እዚሁ ቺሮ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ።

«ጋሼ፣ ስህተቱ ምኑ ላይ ነው? አንደኛ ወጥቻለሁ እኮ!» አለችኝ። ካርዷንም አሳየችኝ። ደረጃ በሚለው ቦታ 1 ተጽፏል።

እውነቷን ነው። ዓረፍተ ነገሩን የሚያነብ እንግሊዛዊ ግን የሚረዳው ተቃራኒውን ነው፤ ከሁሉ ቀድማ የተሰናበተችው እሷ እንደሆነች። የእንግሊዝን እግር ኳስ የሚከታተል ያውቀዋል፦ ከጥሎ ማለፉ የወደቀ ቡድን «ዌንት አውት» ይባላል። «አውት» ይቅር ብንል «ዌንት ፈርስት» ይቀረናል፤ እሱም ተራ ሲደርስ ቀድማ ጀመረች ማለት ነው፤ ማሸነፍ የለበትም። ትክክሉ «ኬም ፈርስት» ነው፤ ቃል በቃል «አንደኛ መጣሁ»። ነገርኳት፣ አረመች።

«ግን ለምን መጣሁ?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም።

ፍለጋውን ከራሳችን ቋንቋ ጀመርኩ። በእኛ አገር መውጣት ከእግር አይለይም፦ ከቺሮ ወደ ደጋው ቁኒ ይወጣል፣ ወደ ቆላው ሚኤሶ ይወረዳል። ፀሐይ ትወጣለች፣ ለሕፃን ስም ይወጣል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የፈተና ውጤት ይወጣል። እዚህ ስደርስ ቆም አልኩ። «ውጤት» የሚለው ቃል ራሱ የ«ወጣ» ልጅ ነው! ከድካሙ የወጣው ነገር ውጤት ከሆነ፣ ከክፍሉ ልጆች መካከል ብቅ ያለችው ተማሪም አንደኛ «ብትወጣ» ምን ይገርማል?

ልጅቷ ቤቷ የምትናገረው ኦሮምኛም ይህንኑ መንገድ ይዟል። ፀሐይ ስትወጣ «አዱን ባቴ» ይባላል፤ ከክፍሏ አንደኛ የወጣችውም «ቶኮፋ ባቴ» ናት። ሁለቱ ቋንቋዎቿ ተስማምተው አንድ ነገር ነግረዋታል። እሷም አመነቻቸው።

እንግሊዝኛስ? ውጤትን «አውትካም» ይላል፤ መጥቶ የወጣ እንደማለት። ሐሳቡ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ልዩነቱ የተመልካቹ መቆሚያ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም፣ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጥን ሁሉ ልባችን የቆመው መጨረሻው መስመር ላይ ነበር። ሯጮቹ ወደ እኛ እየመጡ ነበር። እንግሊዝኛ የደረጃን ነገር የሚናገረው እዚያ መስመር ላይ ቆሞ ነው፤ ኃይሌ አንደኛ «መጣ»፣ ቴርጋት ሁለተኛ «መጣ»፣ የእኛው አሰፋ መዝገቡ ሦስተኛ «መጣ»። አማርኛ ደግሞ ዓይኑን የሚጥለው ከብዙዎች መካከል ነጥሮ በሚወጣው ላይ ነው።

በሳምንቱ ልጅቷ ተመልሳ መጣች። አሁን የጻፈችው «አይ ኬም ቱ ፈርስት» ነው። ይህቺ «ቱ» ከየት መጣች? ደብተሩን ወደ ኋላ ስገልጥ አገኘኋት። ቀደም ሲል «አይ ዌንት ሂርና» ብላ ጽፋ «ቱ» ተጨምሮላት ነበር። በአማርኛ «ሂርና ሄድኩ» ብንል «ወደ» ባይኖርም አይጎድልም፤ ገበያ ወጣሁ፣ ገለምሶ ገባሁ እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ለከተማም ለገበያም «ቱ»ን ይጠይቃል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ መሄድና መምጣት ባሉበት ሁሉ «ቱ» ጨምራለች፤ «ዌንት ቱ ሆም» የሚልም አለ። ሕግ አክብራ ነው የተሳሳተችው። «ሆም» እና «ዜር» የመሳሰሉ ጥቂት ቃላት ያለ «ቱ» ይሄዳሉ። «ፈርስት» ደግሞ ከመነሻውም መድረሻ ቦታ አይደለም፤ እንዴት እንደመጣች ነው የሚናገረው።

ይህን ሳስረዳት ዝም ብላ አሰበችና፣ «ሯጭ ግን አንደኛ ገባች ይባላል እኮ፤ በእንግሊዝኛ እሱም የለም?» አለች።

አለ! በተለይ አሜሪካኖቹ «ኬም ኢን ፈርስት» ይላሉ፤ መጥታ ገባች። የእኛ ስፖርት ጋዜጠኛ በየውድድሩ የሚለው ነው። እኔ ሳምንት ሙሉ ልዩነት ስቆጥር፣ መገናኛውን ያገኘችው ልጅቷ ናት። ያገኘችውም በአማርኛ አስባ ነው።

እንግሊዝኛ የምታስተምሩ፣ በቺሮም በበደሳም በገለምሶም ያላችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ፦ ቀዩን መስመር ከማስመራችሁ በፊት «ይህን በቤታችሁ ቋንቋ እንዴት ትሉታላችሁ?» ብላችሁ ልጆቹን ጠይቋቸው።