ከዚራ፦ ባቡር የሌለው የባቡር ሰፈር

የድሬዳዋው አሮጌ ለገሃር ምን ይሁን? አንዱ ሙዚየም ይላል፤ ሌላው ቦታው ለግንባታ ይለቀቅ ባይ ነው። የምድር ባቡር ጡረተኛው ደግሞ ባቡሩ ይመለስልኝ ይላል። ጥያቄው ሲንከባለል የቆየው፣ የጣቢያው ሰፈር ከዚራ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከባቡሩ ተነጥላ የኖረችበት ዘመን ስላልነበረ ነው።

በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ከጅቡቲ ወደ ሐረር እንዲደርስ ነበር የታሰበው። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት፤ ወደዚያ መውጣቱ ወጪው የሚቀመስ አልሆነም። መስመሩ ከግርጌው ሜዳ ቀረ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡር ሲገባ ድሬዳዋ በ"አዲስ ሐረር" ስም ተቆረቆረች። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ከሰረ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው ዕቃው ድሬ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። ግሪኩን፣ አርመኑን፣ ሕንዱንና የመኑን ነጋዴ የሳበው ይህ ነው። የኩባንያው ክስረት ለከተማዋ ሲሳይ ሆነላት ማለት ይቻላል።

የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በወዲያ በኩል ገበያውና ጠመዝማዛ መንገዱ ያለው መጋላ፣ በወዲህ መሐንዲስ በማስመሪያ ያሰመራት የምትመስለው፣ ጥላዋ የማያልቅ ከዚራ። ወንዙ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ግን ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ።

የከዚራ ልብ ግን ከጣቢያው ጀርባ ያለው ወርክሾፕ ነው። መለዋወጫ ከአውሮፓ እስኪመጣ መጠበቅ ስለማያዋጣ ብረት እዚያው ይቀልጥ፣ እዚያው በቶርኖ ይቀረጽ ነበር። ብሎን ሳይቀር በግቢው ውስጥ ይሠራ ነበር። አባት ልጁን ያስቀጥር ነበር፤ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ሽማግሌዎቹ ዛሬም ስለ ማሽን ሲያወሩ አማርኛቸው መሃል ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋሉ። ከጣሊያን ዘመን የቀሩት ሊቶሪና የሚባሉት ባለሞተር ፉርጎዎችም እዚያው ግቢ ቆመዋል።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ የሐዲዱም ስፋት ከአሮጌው ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ ይለያል። ስለዚህ አሮጌዎቹ ፉርጎዎች በአዲሱ መስመር ሊሄዱ አይችሉም፤ "ይመለስ" የሚለው ናፍቆት እዚህ ላይ ይሰናከላል። ከዚራም ራሷን ችላ ቀጥላለች፦ ባጃጅ፣ ካፌ፣ ከሰዓት በኋላ ጫት፣ ማታ ማታ በነፋሻው ጎዳና ሽርሽር።

ለእኔ የሙዚየሙ ሐሳብ ግማሽ መፍትሔ ነው። ቀለም የተቀባ ጣቢያ ፎቶ ለመነሳት ይበቃል፤ ቶርኖው ግን መዞር አለበት። ድሬዳዋ ዛሬ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ነፃ የንግድ ቀጠናም ተጨምሮላታል፤ ሁለቱም ማሽን የሚጠግን እጅ ይፈልጋሉ። ሙያውን የሚያውቁት አዛውንቶች በሕይወት እያሉ ወርክሾፑን ማሠልጠኛ ማድረግ፣ ግቢውን ለሕንፃ ከመስጠትም ሆነ በቁልፍ ዘግቶ ከማቆየት ይሻላል።