የማይታክተው የልምምድ ጓደኛ

ሴሬብራል ፓልሲ (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) ያለበት ልጅ ክንዱን ከትከሻው በላይ ማንሳት እንዲችል ያንኑ እንቅስቃሴ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይደጋግማል። ፊዚዮቴራፒስቷ ትቆጥራለች፣ እናት ታባብላለች፣ ልጁ ፊቱን ያዞራል። ማኅበራዊ ሮቦት ወደ ሕክምና ክፍል የገባው ይህን መሰላቸት ለማስታገሥ ነው።

በተሐድሶ ሕክምና ሮቦት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እንደ ስዊዘርላንዱ ሎኮማት ያለውን፣ የታካሚውን እግር ይዞ የሚያራምድ ማሽን ነው። ማኅበራዊው ሮቦት ግን ልጁን አይነካውም። እንቅስቃሴውን ሠርቶ ያሳያል፣ ያወራል፣ ያበረታታል፣ ተራውን ይጠብቃል። ይህን ያለ ንክኪ የሚሰጥ እርዳታ እ.ኤ.አ. በ2005 ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ አድርገው ስም ያወጡለት በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዴቪድ ፌይል-ሳይፈርና ማያ ማታሪች ናቸው። በዚያው ዘመን በአሜሪካ የተሠራው ኮስሞቦት ደግሞ ነገሩን ገልብጦታል፤ ልጁ ክንዱ ላይ በታሰረ መሣሪያ ሮቦቱን ያንቀሳቅሳል። ቀኑን ሙሉ ታዛዥ ለሆነ ልጅ አዛዥ መሆን ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ዛሬ በጥናቶቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚገኘው ፈረንሳይ ውስጥ የተወለደው ናኦ ነው። ቁመቱ 58 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በሮቦቶች የእግር ኳስ ውድድርም ተጫውቷል። ሲወድቅ ራሱ ይነሣል፤ መውደቅን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይመስለኝም።

የማድሪዱ ካርሎስ ሣልሳዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሴቪል ካለው ቪርኼን ዴል ሮሲዮ ሆስፒታል ጋር ሆነው ናኦን የክንድ ልምምድ መሪ አድርገውታል። ሮቦቱ አቋም ያሳያል፣ ካሜራ የልጁን ክንድ ይከታተላል፤ ልጁ ከሳተ ሮቦቱ ስሕተቱን አስመስሎ ካሳየ በኋላ ትክክለኛውን ይደግምለታል። የሜልበርኑ ሮያል የሕፃናት ሆስፒታልና የስዊንበርን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በበኩሉ ሮቦቱን ቤተ ሙከራ ውስጥ ጨርሶ ከማምጣት ይልቅ እዚያው በሕክምናው ቦታ፣ ከባለሙያዎቹ ጋር እየሞከረ አሻሻለው። የሚበጀው መንገድ ይሄ ይመስለኛል፤ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ያላት ባለሙያ ሮቦት እስኪነሣ አሥሩን ደቂቃ ልታቃጥል አትችልም።

ማስረጃውስ? ልጆቹ ሮቦቱን እንደሚወዱት ጥናቶቹ ደጋግመው ይናገራሉ። ጡንቻና መገጣጠሚያ ላይ ስለሚመጣው ለውጥ ግን ማስረጃው ገና ስስ ነው፤ አብዛኞቹ ጥናቶች ጥቂት ልጆችን ለጥቂት ቀጠሮ ያዩ ናቸው፣ አዲስ ነገር ደግሞ ሁሌም ይወደዳል። በብዙ ሙከራዎችም ሮቦቱ «ሲያስብ» ከጀርባው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ቁልፍ የሚጫን ሰው አለ። እኔ ይህን እንደ ማታለል አልቆጥረውም፤ ነገር ግን ሮቦቱ የባለሙያ እጥረት ያቃልላል የሚለውን ተስፋ ያሳንሰዋል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ችግር የዕቃው ዕድሜ ነው። የልጁ ልምምድ ዓመታት ይፈልጋል። ብዙ ተመራማሪዎች እንቅስቃሴ ለመከታተል የተመኩበት የማይክሮሶፍቱ ኪኔክት ካሜራ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 መመረቱ ቆመ፤ የናኦ ሠሪ አልዴባራንም በ2025 ከሰረ። ሞክሲ የተባለው የልጆች ሮቦት ለአካል ልምምድ የተሠራ ባይሆንም፣ ኩባንያው በ2024 መጨረሻ መዘጋቱን ሲያሳውቅ ጓደኛቸው ለምን ዝም እንደሚል ለልጆች ማስረዳቱ የወላጆች ዕዳ ሆነ።