ሙቀት ከየት ይመጣል? ወዴትስ ይሄዳል?

ዘንድሮ በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ከተማርነው ሁሉ ይበልጥ ልቤን የሳበው ስለ ሙቀትና ስለ ኬሚካል ለውጥ የተሰጠን ትምህርት ነው። ሰፈሬ ዘነበወርቅ በመሆኑም፣ የትምህርቱን ምሳሌ ከመጽሐፉ ይልቅ በደጃችን አገኘሁት።

በመጀመሪያ ከእናቴ ምድጃ ልጀምር። በክረምት ከሰሉ ርጥበት ሲይዝ፣ ክንዴ እስኪዝል ባራግብም ጭስ እንጂ ፍም አላገኝም ነበር። እናቴ «ውሃውን ሳይጨርስ መች ይሞቅልሃል!» ስትለኝ፣ እኔ ግን ጥፋቱ የማራገቢያው ይመስለኝ ነበር።

ከሰል አብዛኛው ካርቦን ነው። ካርቦን ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የቀድሞው ትስስር እንዲበጠስ ኃይል ያስፈልጋል፤ አዲሱ ትስስር ሲፈጠር ደግሞ ኃይል ይወጣል። የሚወጣው ከገባው ሲበልጥ፣ ትርፉ ሙቀት ሆኖ ይሰማናል። ይህ ሙቀት ሰጪ ለውጥ ይባላል። ክብሪት የምንጭረውም ለመጀመሪያው መበጠሻ የሚሆነውን ኃይል ለማበደር ነው። 1 ኪሎ ግራም ንጹሕ ካርቦን ፈጽሞ ሲነድ 33,000 ኪሎ ጁል ያህል ይሰጣል። አየር አንሶት ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻ ሲለወጥ ግን የሚሰጠው ሙቀት ከሲሶ ያነሰ ነው፤ ጋዙም ሰው ገዳይ መርዝ ነው። ስለዚህ በተዘጋ ቤት ከሰል ማንደድ ለሙቀትም ለሕይወትም ኪሳራ ነው።

በአንጻሩ ሙቀት ተቀባይ ለውጥም አለ። የኖራ ድንጋይ ኖራ የሚሆነው በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል ሙቀት እየተቀበለ ነው። ያው ኖራ ውሃ ሲፈስበት የሚንተከተከው ከተቀበለው ከፊሉን ሲመልስ ነው። የቀረውንም ግድግዳ ላይ ተቀብቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር መልሶ ሲወስድ፣ ቀስ በቀስ ይከፍላል። ሒሳቡ አይጎድልም።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። «ቆሼ» በምንለው በረጲ የቆሻሻ መጣያ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ያን ጊዜ ሕፃን ብሆንም፣ የለቅሶው ድንኳን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በረጲ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። የታቀደውም በቀን 1,400 ቶን ያህል እንዲያቃጥል ነበር። አሠራሩ ከምድጃችን ብዙ አይርቅም፤ የእሳቱ ሙቀት ውሃን እንፋሎት ያደርጋል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል፣ ተርባይኑም ኤሌክትሪክ አመንጪውን ያዞራል።

ታዲያ «ደረቅ ቆሻሻ» የምንለው በእርግጥ ደረቅ ነውን? አንድ ኪሎ የድንችና የጎመን ልጣጭ ብንመዝን ሦስት አራተኛው ያህል ውሃ ነው። የቀረው ሩብ ኪሎ ሲነድ 4,200 ኪሎ ጁል ያህል ይሰጣል። ነገር ግን ውሃውን አሙቆ ለማትነን ብቻ 1,950 ኪሎ ጁል ያህል ይጠፋል። ውሃ እንፋሎት መሆኑ የኬሚካል ለውጥ ባይሆንም፣ ድርሻውን ሳይወስድ አይለቅም። ስለዚህ ግማሽ የሚጠጋው ሙቀት ለውሃው ግብር ይከፈላል ማለት ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ወላጆቻችንም ጭምር፤ እርጥቡን ከደረቁ ለይተን ብንጥል ምን ይጎዳናል? ወረቀቱና ካርቶኑ ሳይርስ ይቆያል፤ ልጣጩም በስብሶ ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል። ክምሩም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ክምር ሲያድግ የሚያመጣውን ደግሞ የዘነበወርቅ ሰው አይቶታል።

ሙቀት ከምንም አይመጣም፤ ወደ ምንም አይሄድም። ትምህርቱ እንዳለቀ ቤት ገብቼ፣ ይህን ከመምህሬ በፊት የነገረችኝን እናቴን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ።